ባንድ በውሰት፦ የአይዳሆ ልጆች ለዬል የነፉበት ጨዋታ

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ተጫዋች በውሰት ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቷል። ልጁ ለግማሽ ዓመት የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ ይጫወታል፣ ውሉ ሲያልቅ ይመለሳል። ቲፎዞ በውሰት ሲሄድ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በማርች 2024 አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን በምትባል ከተማ የሆነው እሱ ነው። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ባንድ የዬል ዩኒቨርሲቲን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሶ፣ የዬልን መዝሙር አጥንቶ፣ ለዬል ሲነፋ ዋለ። ዬልም ማንም ያልጠበቀውን ጨዋታ አሸነፈ።

ዜናው ያን ሰሞን እንደ ደስ የሚል ወሬ ተወርቶ አለፈ። እኔ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የፔፕ ባንድ ማናጀር ነበርኩ። ማናጀር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዕቃ ቆጣሪ፣ ኖታ አዳይ፣ ስም ጠሪ ማለት ነው። አንዳንዴም ትሮምቦን ነፊ፣ ሰው ሲጎድል። ስለዚህ ዜናውን ሳነብ የመጣብኝ ጥያቄ «እንዴት ደስ ይላል» የሚል አልነበረም። በጥቂት ቀን ውስጥ ይሄን ነገር ማን አደራጀው? ቱባው በምን ሄደ? ኖታውን ማን አባዝቶ አደለ? እዚህ የምጽፈው ጉዳዩን ከዚያ ወገን አይቼ ነው።

መጀመሪያ ፔፕ ባንድ ምን እንደሆነ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ሁለት ዓይነት የስፖርት ባንድ አላቸው። አንዱ ዩኒፎርም ለብሶ በአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ በሚያዘው) ሜዳ ላይ እየተሰለፈ ቅርጽ የሚሠራው ማርሽ ባንድ ነው። ሰዉ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ፔፕ ባንድ ደግሞ በብርዱ ወራት ከዚያው ውስጥ የሚወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ቲሸርት ለብሶ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አንድ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ቱባ፣ ድራም። ስብስቡ ይሄው ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ አበል ይከፍላል፣ አንዳንዱ የአንድ ክሬዲት ኮርስ አድርጎ ይቆጥራል፣ ሌላው ፒዛ አብልቶ ያሰናብታል።

እናቴ ነገሩን የሰማች ቀን ደነገጠች። «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ጡሩንባ ልትነፋ ነው?» አለችኝ። በእሷ አገር ጡሩንባ የሚነፋው የእድሩ ሰው ነው፣ እሱም ሰው ሲሞት። ትሮምቦን ሌላ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ያው ነፋ ነፋ ነው» ብላ ዘጋችው።

አሁን ወደ ሥራው። ከውጭ የሚያይ ሰው ባንዱ ጨዋታውን በሙሉ ሲነፋ የሚውል ይመስለዋል። አይደለም። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሕግ ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ የሙዚቃ መሣሪያ ማሰማት ክልክል ነው። ባንዱ የሚኖረው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ ሁለት አጋማሽ አለው። በየአጋማሹ ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲወርድ፣ ኳሱ እንደቆመ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ እረፍት ይሰጣል። ከዚያ በተጨማሪ አሰልጣኞቹ የሚጠሩት ታይም አውት አለ። በነዚህ ሰዓቶች ፊሽካው እንደተነፋ ባንዱ መጀመር አለበት። ሁለት ሰከንድ ካመነታ የአዳራሹ ሙቀት ይወርዳል። ዳኛው ኳሱን ሊሰጥ ሲጠጋ ደግሞ ዜማው የትም ይድረስ የት ይቆረጣል።

ይሄ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ሙዚቃ ሳይሆን የእሳት አደጋ ብርጌድ ይመስላችኋል። እያንዳንዱ ሰው መሣሪያው ላይ ወይም ጉልበቱ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፎልደር አለችው። ገጾቹ የፕላስቲክ ኪስ ናቸው። እያንዳንዱ ዜማ ቁጥር አለው። ዳይሬክተሩ ከፊት ቆሞ በጣቱ ሁለት ያሳያል፣ ቀጥሎ አራት። ሃያ አራት ቁጥር ማለት ነው። የኋላ ረድፍ ላይ ያሉት ከበሮ አጠገብ ስለሆኑ አይሰሙም፣ ጣቱም አይታያቸውም። እኔ ሥራዬ ዞሬ «ሃያ አራት!» ብዬ መጮህ ነበር። ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፣ አንዱ ገጹን ሳያገኝ ከጎኑ ያለውን ያያል፣ ድራሙ አራት ይቆጥራል፣ ይነፋል። ትሮምቦን የሚነፋው ልጅ እጁን ወደፊት ሲዘረጋ ፊቱ የተቀመጠችው ክላርኔት ነፊ አንገቷን ትደፋለች። መድፋት የማታውቅ አዲስ ልጅ ከሆነች በመጀመሪያው ሳምንት ትማራለች።

ሰዓትን ስለማወቅ ካነሳን የስታንፎርድን ነገር ማለፍ አልችልም። ኖቬምበር 20 ቀን 1982 ስታንፎርድ ከካሊፎርኒያ በርክሌይ ጋር ፉትቦል ሲጫወት፣ አራት ሰከንድ ሲቀረው የስታንፎርድ ባንድ ጨዋታው ያለቀ መስሎት ሜዳ ገባ። አላለቀም ነበር። የበርክሌይ ተጫዋቾች ኳሱን እየተቀባበሉ በባንዱ መሀል ሮጠው ነጥብ አስቆጠሩ፣ የመጨረሻውም ልጅ አንድ ትሮምቦን ነፊ ላይ ወጣበት። 25 ለ20 አሸነፉ። በየትኛውም የአሜሪካ ባንድ ክፍል ውስጥ ይሄን ታሪክ የማያውቅ ሰው አታገኙም። ለአዲስ ልጆች የሚነገረው እንደ ቀልድ ነው፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ማርች 17 ቀን 2024፣ እሑድ። ዬል ኒውዮርክ ላይ ብራውንን 62 ለ61 አሸነፈ፣ መጨረሻዋ ቅጽበት ላይ በገባች ኳስ። በዚያች ኳስ የአይቪ ሊግ (ዬል የሚጫወትበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ሻምፒዮን ሆነና ማርች ማድነስ ወደሚባለው፣ 68 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.) ውድድር አለፈ። የዚያኑ ዕለት ማታ ድልድሉ ወጣ። ዬል በምድቡ 13ኛ (ደረጃው ከ1 እስከ 16 ነው፣ ጠንካራ የሚባለው አንደኛ ይሆናል)። ተጋጣሚው 4ኛው ኦበርን፣ ያውም የዚያኑ ቀን የራሱን ኃይለኛ ሊግ ዋንጫ ያነሳው ኦበርን። ቦታው ስፖኬን፣ ቀኑ ዓርብ።

የዬል ካምፓስ ያለው ኮነቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ነው፣ በምሥራቁ ባሕር ዳር። ስፖኬን በሌላው ጫፍ ናት፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይሄ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፣ አውሮፕላን አለ። ችግሩ ዬል የጸደይ እረፍት ላይ ነበር። ተማሪው ተበትኗል። የባንዱ ልጆች አንዱ ቤተሰቡ ጋ፣ አንዱ ሽርሽር፣ አንዱ ሥራ ልምምድ ላይ ነው። መሣሪያውም በየሰዉ እጅ፣ ወይም በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው።

ያኔ አንዳንድ ሰው ያፌዝ ነበር። ዬል እኮ 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተቀማጭ ሀብት ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ባንድ ማሳፈር አቅቶት ነው? እያሉ። ይሄን የሚል ሰው ባንድ ሰብስቦ አያውቅም። ብር ቱባ ነፊ አይሆንም። በእረፍት ሳምንት ለባንዱ ልጆች መልእክት ስትልክ የሚመልሱልህ እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ፦ ፍሉት የሚነፉት። ሁሉም ይመጣሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ድራመሩ ስልኩን ዘግቷል። አንደኛ ትራምፔቱ ሜክሲኮ፣ ካንኩን ባሕር ዳር ነው። ሰው ሞልቶህ ባንድ የለህም።

ሌላው ነገር ኮታው ነው። በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ውድድር አንድ ባንድ ማስገባት የሚችለው 29 ተጫዋች ነው። ቁጥሩ ለምን 29 ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ማናጀር የሆነ ሰው ሁሉ ግን ይሄን ቁጥር እንደ ዕዳ ነው የሚያስታውሰው። እኛም ሊግ ውድድር ላይ ኮታ ነበረብን። ስም ዝርዝሩ የሚሠራበት ስብሰባ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የምጠላው ስብሰባ ነበር። በአንድ ወገን አራተኛ ዓመት ተማሪ አለች፣ አንድም ጨዋታ ሳትቀር ሙሉ ወቅት የመጣች፣ ክላርኔት ነፊ። በሌላ ወገን ሁለት ወር ሙሉ እያረፈደ የመጣ አንደኛ ዓመት ልጅ፣ ግን ሱሳፎን (ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ትልቅ ቱባ) የሚነፋው እሱ ብቻ ነው። ፍትሕ እሷ ትሂድ ይላል። ድምፁ ግን እሱን ይፈልጋል። ከታች የሚመታው ባስ ከሌለ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

እኛ የመጣንበት ዘዴ በመሣሪያ መጀመር ነበር። መጀመሪያ ድራም አንድ፣ ከተቻለ ሁለት ሰው ተራ እየገቡ። ባስ ሁለት። ከዚያ ትሮምቦን፣ ከዚያ ትራምፔት፣ በቂ ሰው ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከንፈር ይደክማል። አንደኛ ትራምፔት ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት ሲያቅተው ተተኪ ከሌለ አለቀልህ። ሳክስፎን መሀሉን ይሞላል። የቀረው ቦታ ነው በታታሪነት የሚሞላው። ይሄን ለክላርኔቷ ልጅ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ዳይሬክተራችን ያን ሥራ ለኛ ለተማሪዎቹ ይተውልን ነበር። ለምን እንደተወው ዛሬ ይገባኛል።

እና ዬል ምን አደረገ? ባንድ ተዋሰ። ያዋሰው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ነው። ካምፓሱ ያለው ሞስኮ በምትባል፣ አይዳሆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከስፖኬን በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የከተማዋን ስም ብዙ ሰው የሰማው ከዚያ በፊት በኖቬምበር 2022 ነበር፣ አራት ተማሪዎች በአንድ ሌሊት ሲገደሉ። ካሜራ ወደዚያ ካምፓስ ዞሮ የነበረው በዚያ ነው። ለልጆቹ ሌላ ዓይነት ዜና መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለምን አይዳሆ? እዚህ ላይ የራሴን ግምት ነው የምጽፈው፣ ካርታና የውድድሩን ፕሮግራም ጎን ለጎን አድርጌ ያየሁትን። በቅርጫት ኳስ ስሙ የገነነው ጎንዛጋ ካምፓሱ እዚያው ስፖኬን ከተማ ውስጥ ነው። የጎንዛጋ ወንዶች ግን ያን ሰሞን ሶልት ሌክ ሲቲ ነበሩ፣ ሴቶቹ ደግሞ በራሳቸው አዳራሽ የመጀመሪያውን ዙር ያስተናግዱ ነበር። ባንዱ ለራሱም አይበቃም። ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሞስኮ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፣ ግን ቡድኑ ኦማሃ ላይ ይጫወት ነበር። ስፖኬን አጠገብ ያለው ኢስተርን ዋሽንግተንም ሴቶቹ አልፈው ኦሪገን ሄደዋል። ያ ሁሉ አካባቢ በአንድ ሳምንት ለሠርግ ተጠርቷል። ቤቱ የቀረ አይዳሆ ነው። የአይዳሆ የወንዶች ቡድን ከ1990 ወዲህ ወደዚህ ውድድር አልፎ አያውቅም ነበር፣ በ2024ም አላለፈም። ባንዱ ግን አለ። ዕቃው አለ፣ ሰዉ አለ፣ የወቅቱ ዜማ ገና ከንፈሩ ላይ ነው።

እንግዲህ ከላይ ያልኩት ቁጥር ያለበት ፎልደር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የሰው ባንድ ለሌላ ቡድን ለመንፋት ምን ያህል አዲስ ነገር መማር አለበት? ብዙ አይደለም። ፔፕ ባንድ ከሚነፋው ውስጥ አብዛኛው የሮክና የፖፕ ዜማ ነው፣ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ተመሳሳይ ነው። ኮነቲከትም አይዳሆም ያው ነው። የግል የሆነው አንድ ነገር ነው፣ የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ መዝሙር። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ፣ ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ሲያሸንፍ የሚነፋው። እሱን ካላወቅህ የዬል ባንድ ነኝ ብትል ማንም አያምንህም።

የዬል መዝሙር «ቡልዶግ» ይባላል። የጻፈው ኮል ፖርተር ነው፣ በ1911 ገና የዬል ተማሪ እያለ። ኋላ የብሮድዌይ ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖርተር ማለት ነው። መሀሉ ላይ የውሻ ጩኸት አለበት፣ ምክንያቱም የዬል ምልክት ቡልዶግ ውሻ ነው። ሃንድሰም ዳን የሚባለው ውሻቸው ከ1889 ጀምሮ እየተተካካ እስከ ዛሬ አለ። የአይዳሆ ልጆች ይሄን መዝሙር አጠኑ። የሙዚቃ ተማሪ ላልሆነ ሰው ይሄ ተአምር ሊመስል ይችላል። አይደለም። ኖታ ማንበብ የሚችል ልጅ ፊቱ ያስቀመጡለትን ወረቀት እዚያው ይነፋል፣ መዝሙሩም አጭር ነው። ከባዱ ሌላ ነው፦ ፊሽካ እንደተነፋ፣ ማንም ቁጥር ሳያሳይህ፣ ከእጅህ እንዲወጣ ማድረግ። የራስህን ዩኒቨርሲቲ መዝሙር ሳታስበው ትነፋለህ፣ ጣትህ ያውቀዋል። የሰውን መዝሙር ጣትህ አያውቀውም። በድንገት ቅርጫት ሲገባ የለመደው ጣት ወደ አይዳሆ መዝሙር ሊሄድ ይችላል። እኔ ማናጀራቸው ብሆን ኖሮ የራሳቸውን መዝሙር ኖታ ከፎልደሩ አውጥቼ ቤት እተወው ነበር።

ከዚያ ቲሸርቱ። የዬል ሰማያዊ ቲሸርት ለበሱ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ካሜራው ባንዱን ሲያሳይ የሚታየው ቀለም ነው። ቴሌቪዥን ላይ ያየ ሰው የዬል ልጆች ናቸው ብሎ ያልፋል። ብዙ ሰውም ያለፈ ይመስለኛል፣ ጋዜጠኞች ነገሩን እስኪያነሱት ድረስ።

ዓርብ ማርች 22፣ ስፖኬን አሬና። ጨዋታው ገና በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የኦበርኑ ቻድ ቤከር-ማዛራ በክርን ጥፋት ከሜዳ ተባረረ። ያም ሆኖ ኦበርን ጥሩ ይጫወት ነበር፣ በሁለተኛው አጋማሽ እስከ 10 ነጥብ መራ። በዚያ ሰዓት ባንድ ውስጥ መሆን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቡድንህ 10 ነጥብ ሲመራ ማንም ሰው ይነፋል። ቡድንህ በ10 ሲበለጥ ነው ሥራው። አዳራሹ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል። ታይም አውት ተጠርቶ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ወንበራቸው ሲመጡ፣ ከጥግ አንድ ነገር መምጣት አለበት። ፈጣን፣ ከፍ ያለ፣ ሰው የሚያውቀው። በዚህ ውድድር ሁለቱም ቡድን በሰው ከተማ ስለሆነ ባንዶቹ ተራ በተራ ነው የሚነፉት። ማዶ ያለው የልቡ ሞልቶ ይነፋል፣ ከዚያ ተራህ ይደርሳል። ያንን ተራ በሰነፍ ዜማ ካባከንከው አይመለስም።

ዬል ተመለሰ። ጆን ፑላኪዳስ የሚባለው ልጅ ያን ቀን 28 ነጥብ አስቆጠረ፣ ከሩቅ እየወረወረ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኦበርን ውጤቱን ሊቀይር የሚችልበት ኳስ ነበረው፣ አልገባለትም። 78 ለ76። ዬል በዚህ ውድድር ታሪክ ሁለተኛውን ድሉን አገኘ፣ የመጀመሪያው በ2016 ቤይለርን ያሸነፈበት ነው። እና «ቡልዶግ» ተነፋ፣ በአይዳሆ ልጆች።

ባንዱ ነው ያሸነፈው አልልም። ፑላኪዳስ ነው ያሸነፈው። ቲፎዞ ነጥብ አያስቆጥርም፣ ይሄን የአዲስ አበባ ስታዲየም ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ጊዮርጊስም ሆነ ቡና። ግን ስፖኬን ውስጥ የዬል ደጋፊ ስንት ይሆናል? ከኒው ሄቨን በዚያ ሳምንት ትኬት ቆርጦ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። አዳራሹን የሞላው የአካባቢው ሰው ነው። የአካባቢው ሰው ደግሞ ትልቁ ሲወድቅ ማየት ይወዳል። ለዚህ ሰው መነሻ የሚሆነው፣ መቼ መቆም፣ መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት የሚያሳየው ባንዱ ነው። ያውም የሚነፉት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ከዬል የመጣ ባንድ ቢሆን ያን ያህል ይሆን ነበር? እጠራጠራለሁ።

የመጀመሪያው ጊዜም አይደለም። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በማርች 2023፣ ፌርሌይ ዲክንሰን የሚባለው ትንሽ የኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ባንድ ሳይኖረው ነበር የመጣው። የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ባንድ ነፋለት። ዴይተን ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ ፌርሌይ ዲክንሰን የማጣሪያውን ጨዋታ ያደረገው በእነሱ አዳራሽ ነው፣ ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ እዚያው ግዛት ውስጥ ኮለምበስ ላይ። ማርች 17 ቀን 16ኛው ፌርሌይ ዲክንሰን አንደኛውን ፐርዱን 63 ለ58 ጣለ። በወንዶቹ ውድድር 16ኛ አንደኛን ሲያሸንፍ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የታየው፣ በ2018። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሁለት የውሰት ባንድ፣ ሁለት ያልተጠበቀ ድል። ከዚህ ሕግ ለማውጣት አልሞክርም፣ ትንንሽ ቡድኖች ናቸው ባንድ የሚዋሱት፣ ሲያሸንፉም የሚወራላቸው እነሱው ናቸው። በውሰት ባንድ የተሸነፈውን ማን ይጽፍለታል?

አንድ ነገር ግን መከራከር እፈልጋለሁ። አንዳንድ ሰው ይሄን ነገር እንደ ቅጥር ቲፎዞ ያየዋል። ልብ ከሌለው ምን ድጋፍ ነው? ይላል። እኔ በባንድ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ከኛ ልጆች ግማሹ የቅርጫት ኳስ ሕግ በደንብ አያውቅም ነበር። አንዷ ፍሉት ነፊ አራት ዓመት ሙሉ ፋውልና ትራቭሊንግ ሳትለይ ተመረቀች። ግን ማክሰኞ ማታ በበረዶ፣ ነገ ፈተና እያላት፣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቡድናችን እየተሸነፈ፣ ቁጥር ሲጠራ ገጿ ተከፍቶ ይገኛል። ይሄ ሰው ደጋፊ አይደለም ልትሉ ነው? የሚወድ ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ ተናዶ ቤቱ ይሄዳል። ባንዱ አይሄድም። ዕቃው ገና አልተጫነም።

የአይዳሆ ልጆች ያን ቀን ዬልን ወደዱት አልወደዱት አላውቅም፣ ግድም የለኝም። አውቶቡስ ተሳፈሩ፣ የሰው መዝሙር አጠኑ፣ በሰዓቱ ጀመሩ፣ በሰዓቱ አቆሙ። ደግሞ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊቱ 10 ነጥብ ሲመለስ እያየ ከንፈሩ እስኪያብጥ ነፍቶ ሲያበቃ ልቡ ውስጥ ምንም አይገባም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ልጅ ሆኖ አያውቅም።

እሑድ ማርች 24 ዬል ከሳንዲያጎ ስቴት ጋር ተጫወተ። 85 ለ57 ተሸነፈ፣ ጨዋታውም ጨዋታ አልነበረም። እዚያ ላይ አበቃ።

ይሄን ሁሉ ከዚያን ጊዜው ድራመራችን ጋር በስልክ አውርተነዋል። እሱ አሁን አካውንታንት ነው፣ ስልኩን ግን አሁንም አያነሳም፣ ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት። ዬል ቢጠራህ ትሄድ ነበር? አልኩት። «ለዬል? ቲሸርቱን ከሰጡኝ ነገ» አለኝ። እሺ፣ ሃያ ደቂቃ ርቆ ያለው የዚያ የጎረቤታችን ዩኒቨርሲቲ ባንድ ድራመር ቢታመም፣ ጨዋታውም የፍጻሜ ቢሆንስ? ትንሽ ዝም አለ።

«እነሱ» አለ፣ «ፍሉት ይበቃቸዋል።»